በሰውነት የተነገረ ትምህርት፦ የዳንስ ቲያትር ኤችአይቪን እንዴት ተጋፈጠ?

በሀገራችን የኤችአይቪ ቫይረስ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰዱ የደም ናሙናዎች ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሃያ ዓመታት ስለ በሽታው ያልተነገረበት አደባባይ አልነበረም ማለት ይቻላል። በተማሪዎች ሰልፍ፣ በእድር ስብሰባ፣ በገበያ ድምፅ ማጉያ ተነግሯል፤ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ይሁን እንጂ መስማት ከማመን፣ ማመንም ከማድረግ የተለየ መሆኑን እንደ ኤችአይቪ ያሳየ በሽታ የለም። የቫይረሱን መተላለፊያ መንገዶች አንድ ሁለት ብሎ በቃሉ የሚቆጥር ሰው፣ ቫይረሱ በደሙ ያለበት ጎረቤቱ ቤት ቡና ለመጠጣት ይሰጋ ነበር።

በዚያ ዘመን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ያደጉ ጥቂት ወጣቶች ይህን በመስማትና በማድረግ መካከል ያለ ገደል በሌላ መንገድ ለመሻገር ሞከሩ። መሣሪያቸው ንግግር ሳይሆን ሰውነታቸው ነበር። ሥራቸው የዳንስ ቲያትር ይባላል። ይህ ጽሑፍ ያ ጥረት ምን እንደነበረ፣ እንዴት ይሠራ እንደነበረ፣ ከካምባ እስከ ጨንቻ ላለው የጋሞ አርሶ አደርና የከተማ ነዋሪ ዛሬ ምን ፋይዳ ሊኖረው እንደሚችል ለማስረዳት የቀረበ ነው።

አዱኛ

የነገሩ መነሻ ጀሚኒ ትረስት የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ድርጅቱ የተቋቋመው መንትያ የወለዱ ችግረኛ ቤተሰቦችን ለመደገፍ ነበር፤ ሁለት ሕፃናትን በአንድ ጊዜ አጥብቶ ማሳደግ ለደሃ እናት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከጊዜ በኋላ ሥራው ሰፍቶ ለወጣቶች የቪዲዮ ቀረጻ ሥልጠናንም ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ ሮይስተን ማልዱም ወደ አዲስ አበባ መጡ። እኚህ ሰው የሚታወቁት በሕይወታቸው መድረክ ረግጠው የማያውቁ ሰዎችን፣ በተለይም የተገፉ ልጆችን ሰብስበው ለትልቅ ትርኢት በማብቃት ነው። በአዲስ አበባም ከመቶ የሚበልጡ የጎዳና ልጆችን አሠልጥነው፣ ጀርመናዊው ካርል ኦርፍ በደረሱት «ካርሚና ቡራና» በተባለ ሙዚቃ የተቀናበረ ትርኢት አቀረቡ።

ማልዱም ከዓመታት በኋላ በዓለም ዙሪያ ዝናን ያተረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊን ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ልጆችን ከታዋቂው የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር አንድ መድረክ ላይ ባቆሙበት ሥራ ነው፤ ስለዚያም የተሠራው ዘጋቢ ፊልም በብዙ አገሮች ታይቷል። የበርሊኑ ሥራ ግን የአዲስ አበባው ታናሽ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ስለሆነ እዚህ ላይ ማንሳቱ ተገቢ መስሎኛል።

ከትርኢቱ በኋላ ከልጆቹ መካከል ከሃያ የማይበልጡት ተመርጠው የአምስት ዓመት ሥልጠና ገቡ። የኢትዮጵያን ባህላዊ ውዝዋዜዎችም ዘመናዊውን ዳንስም ተማሩ። ከዚህ ጎን ለጎን የተማሩት ሌላ ነገር ነበር፤ ለተራው ሰው፣ ለእስረኛው፣ ለፖሊሱ፣ ለአካል ጉዳተኛው ዳንስን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል። ቡድኑም አዱኛ የማኅበረሰብ ዳንስ ቲያትር ተባለ። አዱኛ የዚህ ዓለም ሀብትና ሲሳይ ነው፤ ምንም ያልነበራቸው ልጆች ለራሳቸው ስም ሲያወጡ ይህን መምረጣቸው የሚገርም አይደለም።

የቡድኑ አባላት በትርኢቶቻቸው ካነሷቸው ጉዳዮች ዋነኛው ኤችአይቪ ነበር። ጉዳዩን ከውጭ የተመለከቱት አልነበሩም። ያደጉበት ጎዳና ወላጆቻቸውን በበሽታው ያጡ ልጆች በየዕለቱ የሚጨመሩበት ቦታ ነበር። በሽታው ማንን ቀድሞ እንደሚያገኝ፣ ከሞቱ በፊት እንዴት ብቸኛ እንደሚያደርግ አይተዋል። ጁነይድ ጀማል ሰንዲ ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ መርሐ ግብር ተመርጦ ከጃፓናዊው ታላቅ የዳንስ ባለሙያ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ጋር የመሥራት ዕድል አገኘ። እርሱና የሙያ አጋሩ አዲሱ ደምሴ እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደኑ ሳድለርስ ዌልስ ቲያትር ትርኢት ያቀረቡ ሲሆን፣ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል።

ሰውነት ሲናገር

ብዙ አንባቢያን «ዳንስ» ሲባል የሚታያቸው የሠርግ ወይም የሙዚቃ ቪዲዮ ጭፈራ ሊሆን ይችላል። የዳንስ ቲያትር ከዚህ ይለያል። ታሪክ አለው፤ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ነገር ግን ታሪኩ የሚነገረው በአብዛኛው በእንቅስቃሴ ነው። አንዲት ሴት ቆማ ሌሎች አንድ በአንድ ጀርባቸውን እየሰጧት ሲሄዱ መገለል ምን እንደሆነ ተመልካቹ ያለ ቃል ያውቃል። አንድ ሰው ሌላውን በጀርባው ተሸክሞ መድረኩን ሲያቋርጥ፣ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ፣ ሆኖም ሳያወርደው ሲቀር፣ ሕመምተኛን ማስታመም ምን እንደሚጠይቅ ይታያል። እንዲህ ያለው ነገር በፖስተር ሊጻፍ አይችልም።

ለጋሞ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም። ትልቅ ሰው ሲያርፍ በለቅሶ ሜዳ ላይ ጦርና ጋሻ ተይዞ የሚሮጠው፣ የሚዘለለው፣ የሚፎከረው የሟቹ የሕይወት ታሪክ በአካል ሲተረክ ነው። ከመስቀል በኋላ በሚደረገው ሶፌ፣ አዲስ ሙሽሮች አጊጠው በገበያ መካከል ሲታዩ፣ አንድ ቤት መመሥረቱ በቃል ሳይሆን በመታየት ይታወጃል። ከሁሉ በላይ ግን መስከረም 2011 ዓ.ም. አይዘነጋም። በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ አደባባይ ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹን የመለሳቸው ረጅም ንግግር አይደለም፤ የተንበረከከ የሽማግሌ ጉልበት ነው። ሰውነት የሚናገረው ነገር ኃይል እንዳለው ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም።

ሌላም ምክንያት አለ። የደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ቋንቋ ብዙ ነው። በዘመቻው ዓመታት የታተመው በራሪ ወረቀት አብዛኛው በአማርኛ ነበር። በካምባ ገበያ ቀን ከቆላም ከደጋም ለሚወርደው ሰው፣ በተለይም ትምህርት ቤት ላልገቡ እናቶች፣ ያ ወረቀት ስኳር መጠቅለያ ከመሆን ያለፈ ጥቅም አልነበረውም ብል ማጋነን አይሆንም። እንቅስቃሴ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሐዋሳ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች የነበሩበት «ዋን ላቭ» የተባለ የቲያትርና የሰርከስ ቡድን ይህንኑ በመረዳት፣ አክሮባትን፣ ሙዚቃንና ድራማን ቀላቅሎ ኤችአይቪን በተመለከተ ለሕዝብ ትርኢት ያሳይ ነበር። ሕዝቡን የሚሰበስበው አየር ላይ የሚገለባበጠው ልጅ ነው፤ መልእክቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በሬዲዮም በኩል ቀላል የማይባል ሥራ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ብዙ ሰው በጉጉት ይከታተለው ነበር። ሬዲዮ ግን ጥያቄ ቢጠይቁት አይመልስም።

ተመልካቹ የሚገባበት ተውኔት

የአዱኛ ወጣቶች ከዳንሱ ጋር አጣምረው የተጠቀሙበት ስልት የውይይት ቲያትር ሊባል ይችላል። ስልቱን ያፈለቁት ብራዚላዊው የቲያትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ናቸው። ቦአል በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራቸው ወታደራዊ አገዛዝ ምክንያት ተሰደው በላቲን አሜሪካ ሲሠሩ፣ ቲያትር ለድሃው ሕዝብ ምክር የሚሰጥ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ መፍትሔ የሚሞክርበት ቦታ መሆን አለበት ብለው ተነሡ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ቀላል አይደለም።

በካምባ አንድ ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ትርኢት ቢቀርብ ምን ሊመስል እንደሚችል በምሳሌ እንመልከት። አንድ ወጣት ሁለት ዓመት በአርባ ምንጭ ዙሪያ በሙዝ እርሻ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ለመስቀል ወደ ቤቱ ይመጣል። ቤተሰቡ ሊድረው ወስኗል። ልጅቷ ከጋብቻ በፊት ሁለታችንም እንመርመር ትላለች። የልጁ አባት ይቆጣሉ፤ የልጅቷ አባት ያፍራሉ። «ልጄ፣ የሰው ቤት ልጅ ተጠራጥረሽ እኛን ልታዋርጂ ነው?» ይሏታል። በዳንሱ ክፍል ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ጋቢ ከወዲያና ከወዲህ ይዘው ይጎትታሉ፤ ልጅቷ መካከል ተጠቅልላ ትታያለች። በመጨረሻ ዝም ትላለች። ሠርጉ ይደገሳል። ትርኢቱ በመጥፎ ፍጻሜ ያልቃል።

እዚህ ላይ አወያዩ ይነሣና ለተመልካቹ እንዲህ ይላል፦ «አሁን ከመጀመሪያው እንደግመዋለን። ይህ እንዲህ መሆን አልነበረበትም የምትሉ ካላችሁ ‹ቁም› በሉ። ከዚያም ኑና በልጅቷ ቦታ ቆማችሁ አሳዩን።» ምናልባት አንዲት አሮጊት ተነሥተው የልጅቷን ቦታ ይይዛሉ። አባትየውን በሽማግሌ ለማስመከር ይሞክራሉ። አባትየው ሆኖ የሚጫወተው ተዋናይ ግን አይበገርም፤ ሥራው እንደ እውነተኛ አባት መከራከር ነው። ሙከራው ይከሽፋል። አንድ ወጣት ይነሣል፤ ልጅቷ ሳትሆን ልጁ ራሱ «እኔ ነኝ መመርመር የምፈልገው» ቢል ይላል። ይህ ይሠራል ወይ? ሕዝቡ ይከራከራል። ሌላ ሰው ደግሞ ሁለቱ ለማንም ሳይናገሩ በገበያ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄዱስ ብሎ ይገባል። በዚህ መካከል ሰዎች ሳያውቁት ለእውነተኛው ቀን እየተለማመዱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በግብርና ኮሌጅ በኤክስቴንሽን ትምህርት የተማረው አንድ ነገር እዚህ ላይ ትዝ ይለዋል። አርሶ አደርን ሰብስቦ ስለ መስመር ዘር ለሁለት ሰዓት ማስተማር ይቻላል፤ አርሶ አደሩም በጨዋነት ያዳምጣል፣ ከዚያም ቤቱ ሄዶ እንደ አባቱ በብተና ይዘራል። በሠርቶ ማሳያ ማሳ ላይ ግን ገመዱን እርሱ ራሱ ይይዛል፤ ቡቃያውን ይቆጥራል፤ «ጉልበት ይፈጃል» ብሎ ይሟገታል፤ መፍትሔ ከተገኘለትም ይቀበላል። የውይይት ቲያትር ለጤና ትምህርት የሠርቶ ማሳያ ማሳ ነው። የልማት ሠራተኞቻችን ከብዙ ዓመት በፊት የደረሱበትን እውነት ቲያትረኞቹ በሌላ በር ገብተው አገኙት ማለት ይቻላል።

የተገለለው መድረክ ላይ ሲወጣ

አዱኛ ያደረገው ሌላ ደፋር ነገር ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው የዳንስ ባለሙያ አዳም ቤንጃሚን ከቡድኑ ጋር ሲሠሩ፣ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ያካተተ «አዱኛ ፖቴንሻልስ» የተባለ ቡድን ተፈጠረ። በየመንገዱ ዳር ምጽዋት ሲጠይቅ እንጂ መድረክ ላይ ታይቶ የማያውቅ ሰውነት የሕዝብ ዓይን በአክብሮት እንዲያርፍበት ተደረገ። ይህ ከኤችአይቪ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ የሁለቱም ችግር ሥር አንድ መሆኑን ያስተውል። በአካሉም ሆነ በደሙ ምክንያት ሰውን ከሰው መለየት የለመደ ማኅበረሰብ፣ ታማሚው ራሱን እንዲደብቅ ያስገድደዋል። የተደበቀ ደግሞ አይመረመርም፤ አይታከምም፤ ለሌላም ያስተላልፋል።

መገለልን መፍራት የድሃ አገር ጠባይ ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ አሜሪካ መሻገር ይበቃል። የጥቁር አሜሪካውያንን ሕይወት በዘመናዊ ዳንስ በማሳየት ዓለም ያከበራቸው አልቪን ኤይሊ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1989 በኤድስ ምክንያት አረፉ። ቀኑ የዓለም የኤድስ ቀን ሆኖ መከበር ከጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ይሁንና እናታቸው እንዳይሸማቀቁ በማሰብ ሐኪማቸው የሞታቸው ምክንያት የደም በሽታ ነው እንዲሉ አስቀድመው ጠይቀው ነበር። በሰውነቱ ስንት ነገር የተናገረ ሰው ይህን አንድ ነገር መናገር አልቻለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ቢል ቲ. ጆንስ የተባሉ ሌላ ጥቁር አሜሪካዊ የዳንስ ባለሙያ፣ የሥራና የሕይወት አጋራቸውን በኤድስ ያጡና ቫይረሱም በደማቸው መኖሩን በይፋ የተናገሩ፣ ለሞት በሚያደርስ ሕመም የተያዙ ተራ ሰዎችን በተለያዩ ከተሞች ሰብስበው ስሜታቸውን በእንቅስቃሴ እንዲያሳዩ ጠየቁ፤ ከዚያም «ስቲል ሂር» የተባለውን ሥራ አዘጋጁ።

በአፍሪካም ኡጋንዳዊው ዘፋኝ ፊሊ ሉታያ እ.ኤ.አ. በ1989 ቫይረሱ በደሙ እንዳለ በአደባባይ ተናግሮ፣ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ እየዞረ አስተምሯል። በሀገራችንም ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መቅድምና የተስፋ ጎህ የተባሉ ማኅበራትን አቋቁመው ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ለሕዝብ ሲናገሩ፣ ያን ጊዜ የሚያስከፍለውን ዋጋ እያወቁ ነበር።

የጠፋ እጅ፣ የጠፋ እውቀት

የገጠር ጉዳይ ለሚከታተል ሰው ኤችአይቪ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ በነበሩት ዓመታት፣ በሽታው ክፉኛ በጎዳቸው 25 የአፍሪካ አገሮች ሰባት ሚሊዮን ያህል የግብርና ሠራተኞች መሞታቸውን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገምቶ ነበር። በሽታው የሚመርጠው ለሥራ የደረሰውን ጉልበት ነው። አባት ሲታመም በሬው ለመድኃኒት ይሸጣል፤ እናት ስታስታምም አረም ይበረታል፤ ልጅ ከትምህርት ይቀራል።

በእንሰት ምድር ጉዳቱ ሌላ ገጽ አለው። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመድረስ ዓመታትን ይወስዳል። የትኛው ዝርያ ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚዘዋወር፣ እንዴት እንደሚፋቅና እንደሚብላላ የምታውቀው እናት ናት። ያ እውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ አይደለም። ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው አብሮ በመሥራት ነው። እናት ቀድማ ከሞተች ጓሮው ይኖራል፤ ጓሮውን የሚያነብ ግን አይኖርም።

ይህን የተረዱ የግብርና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በሞዛምቢክ የታዳጊ ገበሬዎች የመስክና የሕይወት ትምህርት ቤት የተባለ ፕሮግራም ጀመሩ፤ በኋላም ወደ ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተስፋፋ። ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ጠዋት ማሳ ላይ ዘር፣ አረምና ተባይ ያጠናሉ፤ ከዚያም በዘፈን፣ በዳንስና በድራማ ስለ ራሳቸው ሕይወት፣ ስለ መብታቸውና ከበሽታ ስለ መጠበቅ ይማራሉ። ማሳና መድረክ በአንድ ቅጥር ግቢ ተገናኙ ማለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ይህን ዓይነት ሥራ የጤና ቢሮዎች ሳይሆኑ የእርሻ ሰዎች መጀመራቸው ነው።

የድሮው ትርኢት ዛሬ አይሠራም

ለዳንስ ቲያትር ጥብቅና ቢቆምም ድክመቱን መሸፈን አይገባም። በመጀመሪያዎቹ የዘመቻ ዓመታት የነበረው መልእክት በአብዛኛው ማስፈራሪያ ነበር። የራስ ቅል፣ አጥንቱ የወጣ ሰው፣ የተከፈተ መቃብር። ትርኢቶችም ከዚህ አልራቁም፤ የታመመው ገጸ ባሕሪ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይሞታል። ይህ ሰውን ከበሽታው አስፈራው፤ ከታማሚውም አብሮ አስፈራው። የገንዘብ ነገርም አለ። ቡድኖቹ አብዛኞቹ የቆሙት በውጭ ድጋፍ ላይ ስለነበር፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ከበሮው ዝም ይላል። ደግሞም ትርኢት ብቻውን የሚያደርገው ነገር ውስን ነው። ሰው ልቡ በተነካበት ሰዓት መመርመሪያው በአቅራቢያው ከሌለ፣ ሌሊቱን ያድርና ነገሩን ይተወዋል።

ከሁሉም በላይ የበሽታው ታሪክ ተለውጧል። በኢትዮጵያ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን በየዕለቱ በትክክል የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። ምንም ሕክምና ሳይደረግ ከእናት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ የሚደርስ ሲሆን፣ እናቲቱ በወቅቱ ተመርምራ መድኃኒት ከጀመረች ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ዛሬ መድረክ ላይ ታማሚውን የሚገድል ተውኔት ሐሰት ይናገራል። የዛሬው ገጸ ባሕሪ መድኃኒቱን ከጤፍ ጎታ ሥር የደበቀ፣ ለገበያ ሲወጣ የሚያቋርጥ፣ ወይም ለሥራ ወደ ሩቅ ሲሄድ ጤና ጣቢያ ለመቀየር አፍሮ የተወ ሰው ነው። የዛሬዋ ገጸ ባሕሪ ቫይረሱ በደሟ እያለ ጤነኛ ልጅ የወለደች፣ ግን ለአማቷ ያልነገረች ሴት ናት። እነዚህ ታሪኮች ከሞት ታሪክ ይልቅ ለመተወን ይከብዳሉ፤ ለውይይት ግን ይመቻሉ።

ቁጥሩ ዝቅ ማለቱም የራሱ አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች ቫይረሱ የተገኘባቸው 0.9 በመቶ ናቸው። በከተማ 2.9፣ በገጠር 0.4 በመቶ ነበር። የቀድሞው የደቡብ ክልልም 0.4 በመቶ ላይ ነበር። ይህን አንብቦ «እኛን አይመለከትም» የሚል ይኖራል። የጋሞ ሰው ግን በአንድ ቦታ ተወስኖ የሚኖር ሕዝብ አይደለም። ሸማኔው ሽሮ ሜዳ፣ የቀን ሠራተኛው ሙዝ እርሻ፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ፣ ተማሪው ከተማ ነው። የከተማው ቁጥርና የገጠሩ ቁጥር በአንድ አውቶቡስ ይመላለሳሉ። የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረውን ሞት ያላየ ትውልድ ደግሞ አድጓል፤ ስለ ኤድስ የሚያውቀው ነገር ቢኖር በትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ስም የተጻፈበት አሮጌ ሰሌዳ ነው። በዚህ ላይ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የውጭ ዕርዳታውን ማቆሙ፣ ለረጅም ዓመታት በውጭ ገንዘብ ይንቀሳቀሱ የነበሩ የኤችአይቪ አገልግሎቶችን አንገዳግዷል።

በመስከረም ወይስ በኅዳር?

ታዲያ ከውጭ ገንዘብ ሳይጠበቅ በጋሞ ምን ሊደረግ ይችላል? ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጉት ነገሮች አብዛኞቹ በእጅ ያሉ ናቸው። ሰው ክብ ሠርቶ የሚቀመጥበት፣ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጥበት፣ ነገር በስምምነት የሚቋጭበት ዱቡሻ አለ። በውይይት ቲያትር አወያዩ የሚሠራውን ሥራ የጋሞ ሽማግሌዎች በዱቡሻ ላይ ሲሠሩት ኖረዋል። በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና በየወረዳው ትምህርት ቤቶች የሚጫወቱ፣ የሚጨፍሩ ወጣቶች አሉ። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የምርመራ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃና በምስጢር ይሰጣል። የሚጎድለው እነዚህን በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ቀን የሚያገናኝ ሰው ነው፤ ተውኔቱ ሲያልቅ ነርሷ ከድንኳኗ ጋር እዚያው መገኘት አለባት።

ቀኑ ግን መታሰብ ይኖርበታል። የዓለም የኤድስ ቀን በየዓመቱ የሚውለው በኅዳር ወር ሦስተኛው አሥር ቀን ውስጥ ነው። በወረዳ ከተሞች ሰልፍ ይወጣል፤ ሻማ ይበራል፤ ንግግር ይደረጋል። በዚያ ሰሞን የደጋው አርሶ አደር ገብሱ ማሳ ላይ ነው። ለሥራ የወጡት ወጣቶችም የሉም፤ ሽሮ ሜዳ፣ ሙዝ እርሻ፣ ግንባታ ላይ ናቸው። ሁሉም ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ለዮ ማስቃላ ነው፤ በመስከረም። ተራርቀው የከረሙ ባልና ሚስት የሚገናኙት ያኔ ነው። የታጩት የሚተያዩት፣ ሠርግ የሚቆረጠው፣ ሙሽሮች ለሶፌ የሚወጡት ያኔ ነው። ሜዳው ያለ ማንም ጥሪ ይሞላል፤ ክቡም ያለ ማንም ትእዛዝ ይሠራል። በካምባም ቢሆን ከመስከረም 17 በኋላ ባሉት የገበያ ቀናት ሰው ለማሰባሰብ ድምፅ ማጉያ አያስፈልግም።